ርካሽ የወርክሾፕ መሣሪያ ከመግዛታችን በፊት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ውስጥ አንድ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን)፣ አንድ የቁም ትራፓኖ (መብሻ ማሽን) እና ሁለት ሞርሳ (ዕቃ ማሰሪያ) ያላት ትንሽ ወርክሾፕ አለችኝ። ከጅቡቲ የሚገባው ዕቃ አብዛኛው በዚህ ከተማ በኩል ስለሚያልፍ ነው መሰለኝ፣ እዚህ የማይሸጥ የእጅ መሣሪያ የለም። ጋራዥ ሊከፍቱ ያሰቡ ልጆች፣ ከቴክኒክና ሙያ የወጡ ተመራቂዎች፣ አንዳንዴም የቤታቸውን በርና ፓምፕ ራሳቸው የሚጠግኑ ሰዎች እየመጡ ይጠይቁኛል። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ «ይሄ ርካሹ ይሠራል ወይስ ገንዘቤን እጥላለሁ?» ከመድገም ይሻላል ብዬ ጻፍኩት። ውድ ግዙ የሚል ምክር አትጠብቁ፤ እኔም ከምሠራባቸው ዕቃዎች ከግማሽ በላይ ርካሽ ናቸው።

ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ሲለኝ ልመነው?

ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ እየዋሸ አይደለም፤ እሱም አያውቅም። ካርቶኑ ላይ ያለውን ነው የሚያነብላችሁ። «ኦርጅናል»፣ «አንደኛ»፣ «ጀርመን» የሚሉት ቃላት እዚህ ገበያ ውስጥ የዋጋ ደረጃ መጠሪያ ሆነዋል። ቁልፍ ላይ «ክሮም ቫናዲየም» (የጠንካራ ብረት ዓይነት ስም) ተብሎ የተቀረጸውም ያው ነው። ማንም ፋብሪካ ማንኛውም ብረት ላይ ያንን ጽሑፍ መምታት ይችላል።

ስለዚህ ከሻጩ ጋር አትከራከሩ። «እሺ ወንድሜ፣ ትንሽ ልሞክረው» በሉት። ደህና ዕቃ የያዘ ሰው ሙከራ አይከለክልም። ማሸጊያው እንዳይከፈት የሚጨቀጭቅ ካጋጠማችሁ ቀጣዩ ሱቅ ሁለት እርምጃ ነው።

ምን ይዤ ልሂድ?

ኪስ የሚሞላ ነገር ይበቃል። እኔ የምይዘው አዲስ 6204 ኩሽኔታ (6204 የመጠኑ ቁጥር ነው)፣ አዲስ ባለ 8 ሚሊ ብሎን ከነዳዶው፣ አንድ ወረቀትና ያረጀ ግን ገና የሚነክስ ትንሽ ሞረድ ነው። መብራት ከስልኬ አገኛለሁ።

ኩሽኔታው ለብዙ ሰው ግራ ይሆንበታል። 6204 የትም አገር ይሠራ ውስጡ 20 ሚሊ፣ ውጪው 47 ሚሊ ነው፤ ደህና ፋብሪካ ከሠራው ሁለቱም ከአንድ መቶኛ ሚሊ ብዙም አይርቁም። በሌላ አነጋገር ኪሳችሁ ውስጥ የላቦራቶሪ መለኪያ የሚቀርብ ነገር ይዛችሁ እየዞራችሁ ነው፣ ያውም በኩሽኔታ ዋጋ። ስፋቱን ግን አትመኑት። 14 ሚሊ ተብሎ ቢጻፍም ፋብሪካው ከዚያ አንድ አሥረኛ ሚሊ እንዲያጎድል ይፈቀድለታል። ፌክ ኩሽኔታ ስላለ ደግሞ ከሁለት የተለያዩ ሱቆች ገዝታችሁ አስተያዩ። ሁለቱም አንድ ካሉ ጥሩ ነው።

ርካሽ ዲጂታል ካሊፐር ይታመናል?

ካሊፐር በሁለት መንጋጋ ይዞ ውፍረትና ስፋት የሚለካ መሣሪያ ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ያቃጠለኝ እሱ ነውና።

ከመቂ በኩል የመጣ የመስኖ ፓምፕ ነበር። ሻፍቱ (የሚሽከረከረው ዘንግ) ተበልቶ ስለነበር ቶርኖ ላይ አዲስ አወጣሁ። ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን ቦታ በአዲሱ ካሊፐሬ ለካሁ፤ ስክሪኑ 20.00 አለኝ። ኩሽኔታው ግን አልገባ አለ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ጋሼ፣ ትንሽ ይላጥ?» አለ። እኔ ቁጥሩን አይቼ «20 ነው፣ ምታው» አልኩት። ቱቦ ደግፎ በመዶሻ አስገባው። ፓምፑ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ፤ ኩሽኔታው ሰማያዊ ሆኗል፣ ግራሶው ቀልጦ ወጥቷል። ከጎረቤት ማይክሮሜትር (ከካሊፐር የበለጠ በትክክል የሚለካ መሣሪያ) ተበድሬ ሻፍቱን ብለካው 20.07 ነው። ለ20 ሚሊ ኩሽኔታ የሚፈለገው መጥበቅ ከመቶኛ ሚሊ ብዙ አይበልጥም፤ እኔ ሰባት መቶኛ ነው በመዶሻ የጠቀጠቅሁት። ሻፍቱንም ኩሽኔታውንም ከኪሴ ተካሁ፤ ልጁንም ይቅርታ ጠየቅሁት።

ስህተቱ ከየት መጣ? የሻፍቱ ትከሻ ስለሚከለክለኝ የለካሁት በመንጋጋው ጫፍ ነበር። መንጋጋው ሥሩ ላይ ይገጥማል፣ ጫፉ ላይ ግን ክፍተት አለው። ስክሪኑ ዜሮ ሲል ጫፉ ዜሮ አይደለም። ሱቅ ውስጥ አንድ ደቂቃ ብፈትሸው ኖሮ ይታይ ነበር።

ፈተናው እንዲህ ነው። መንጋጋውን ወረቀት ላይ ዝጉትና ወረቀቱን ሳቡ፤ የፋብሪካው ዘይትና አቧራ ይወጣል። ዝጉትና የስልኩን መብራት ከኋላው ያዙ። ከሥር እስከ ጫፍ ብርሃን ማየት የለባችሁም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የብርሃን መስመር ካያችሁ ተዉት፣ ዋጋ ቢቀንስላችሁም ተዉት። ቀጥሎ አምስት ስድስት ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ፤ በየጊዜው ወደ 0.00 ወይም ቢበዛ 0.01 መመለስ አለበት። ከዚያ 47 ሚሊውን በመንጋጋው ሥር፣ መሐልና ጫፍ ለኩ። ሦስቱ ቁጥሮች በ0.02 ወይም 0.03 ውስጥ ከሆኑ ለርካሽ ካሊፐር ደህና ነው። የእኔው ያ የተረገመ ካሊፐር ሥሩ ላይ 47.00፣ ጫፉ ላይ 46.93 ነበር የሚለው።

ማሰሪያውን ብሎን ስታጠብቁ ቁጥሩ የሚዘል ከሆነም ምልክት ነው፤ ተንሸራታቹ ላልቷል ማለት ነው። በላይኛው ትንንሽ መንጋጋ የ20 ሚሊውን ቀዳዳ ስትለኩ ግን አንድ ሁለት መቶኛ ቢያጎድል አትደንግጡ፣ በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የዚያ ቅርጽ ባሕርይ ነው።

ስክሪኑ እስከ 0.01 ያሳያል። ታዲያ እስከ 0.01 ትክክል አይደለም እንዴ?

አይደለም። ማሳየትና ትክክል መሆን ይለያያሉ። በርከት ያለ ገንዘብ የሚጠየቅበት ካሊፐር እንኳ በ0.02 ሊሳሳት እንደሚችል አምራቹ ራሱ ይጽፋል። ለኩሽኔታ መቀመጫ ከ0 እስከ 25 ሚሊ የሚለካ ማይክሮሜትር ግዙ፤ ርካሹም ቢሆን ከጥሩ ካሊፐር ይበልጣል። የተሟላ የምስክር ወረቀት ያለው ካሊብሬሽን (የመለኪያ ማረጋገጫ) ከፈለጋችሁ የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት አዲስ አበባ አለ። ለአንድ ርካሽ ካሊፐር ግን የመንገዱ ወጪ ከዕቃው ይበልጣል።

ዲጂታል ወይስ ባትሪ የሌለው?

ንባቡን ከተማራችሁት ባትሪ የሌለው ቨርኒየር (በመስመሮቹ የሚነበብ ካሊፐር) ይሻላል፤ የሚሞት ነገር የለውም። ርካሽ ዲጂታል ግን ሲጠፋም ባትሪ ይበላል። ስክሪኑ ነው እንጂ የሚጠፋው ውስጡ አይተኛም። ሥራ ስትጨርሱ ባትሪውን አውጡ። ስትገዙ ደግሞ «ኤልአር44» ከሚለው ይልቅ «ኤስአር44» የሚለውን ጠይቁ፤ መጠናቸው አንድ ሲሆን ሁለተኛው ቮልቴጁን እስከ መጨረሻው ይዞ ይቆያል። ስክሪኑ መብረቅ እንደመታው ብልጭ ድርግም ካለ ካሊፐሩ ተበላሽቷል ከማለታችሁ በፊት ባትሪ ቀይሩ።

የአዳማ ሙቀት ልኬት ያዛባል?

ያዛባል፤ ግን እንደሚወራው አይደለም። የልኬት ዓለም የሚስማማበት ሙቀት 20 ዲግሪ ነው። ብረት ለእያንዳንዱ ዲግሪ በአንድ ሜትር ላይ ወደ 11.5 ማይክሮን (የሚሊ ሺሕኛ) ይረዝማል። ብረቱም ካሊፐሩም ጥላ ውስጥ አብረው ከዋሉ አብረው ስለሚረዝሙ ልዩነቱ ይጣፋል። ጣጣው የሚመጣው ሁለቱ ሲለያዩ ነው። ከቶርኖ ገና ትኩስ ሆኖ የወጣ 100 ሚሊ ብረት ከካሊፐሩ በ40 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 0.05 ሚሊ ያህል ትልቅ መስሎ ይታያችኋል። ሲቀዘቅዝ ልቅ ይሆናል። አሉሚኒየም ደግሞ የዚህን እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ሻይ ጠጡና ለኩ።

የቁልፍና የቡሶላ ስብስብ እንዴት ይለያል?

ባለ 8 ሚሊ ብሎኑን አውጡ፤ ጭንቅላቱ 13 ቁልፍ ይወስዳል። 13ቱን ግጠሙና አወዛውዙ። ትንሽ መወዛወዝ የግድ ነው፤ የብሎኑ ማዕዘን ላይ ብቻ እስኪነክስ ድረስ የሚዞር ከሆነ ግን ነገ የደንበኛውን ብሎን ክብ ያደርግባችኋል። ቡሶላ (የብሎን ጭንቅላት ላይ የሚደፋ ክብ ቁልፍ) ከሆነ ውስጡን እዩ። ስድስት ማዕዘን ያለው ጎን ለጎን ስለሚይዝ ለዛገ ዳዶ አሥራ ሁለት ማዕዘን ካለው ይሻላል። 40 ቁራጭ ያለው ሳጥን ከመግዛት ስድስት ጥሩ ቡሶላ መግዛት ይሻላል፦ 10፣ 12፣ 13፣ 14፣ 17፣ 19። የጃፓን መኪና የሚበዛበት ከተማ ስለሆነ 12 እና 14 በብዛት ይሠራሉ። ከትልቁ ሳጥን ውስጥ ያለው 11 እና 16 እኔ ጋ ለዓመታት እንደተሸፈነ ነው።

ሞረዱን በማይታይ ጠርዝ ላይ፣ አስፈቅዳችሁ፣ አንድ ጊዜ ሳቡት። ጠንካራ ብረት ላይ ሞረዱ እየጮኸ ይንሸራተታል። ቅቤ እንደሚቆርጥ ከገባ ያ ብረት በሙቀት አልተጠነከረም።

ቶርክ ቁልፍ በርካሽ መግዛት ይቻላል?

ቶርክ ቁልፍ የመደባችሁለት ጉልበት ላይ ሲደርስ ቀጭ የሚል ቁልፍ ነው። በርካሽ መግዛት ይቻላል፣ ቤት ወስዳችሁ ግን በቢጫው ጀሪካን ፈትኑት። ጀሪካኑን ከነውኃው 20 ኪሎ እስኪሆን ሚዛን ላይ ሙሉ። ብሎን በሞርሳ እሰሩ፣ ቁልፉን አግድም ግጠሙበት፤ ከብሎኑ መሐል 40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ፣ እጀታው መሐል፣ ጀሪካኑን በገመድ ቀስ አድርጋችሁ አንጠልጥሉ። ይህ 78 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ነው፤ የቁልፉ የራሱ ክብደት ትንሽ ይጨምርበታል። ቁልፉን 70 ላይ ስታደርጉት ቀጭ ማለት አለበት፤ 90 ላይ ደግሞ ዝም ማለት አለበት። 90 ላይ ቀጭ ካለ መልሱት። እጀታው አጭር ሆኖ 40 ሳንቲ ሜትር ካልሞላ የራሳችሁን ርቀት ለክታችሁ አስሉት፦ ኪሎው ሲባዛ በ9.78፣ ሲባዛ በርቀቱ በሜትር።

የብዙ ቶዮታ የቤት መኪና የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው የሚፈልገው። ጎሚስታው ረጅም ቱቦ ሰክቶ ቆሞ ሲዘልበት ያየ ሰው ለምን ይህን እንደምነግራችሁ ይገባዋል። ስትጨርሱ ስፕሪንጉን ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መልሱት።

ግራይንደርስ?

ማሽኑ ርካሽ ቢሆን ብሩሽ ቶሎ ይጨርሳል፣ ሌላ ብዙ ጉዳት የለውም። ሰው የሚገድለው ዲስኩ ነው። ዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር ፍጥነት ከማሽኑ ፍጥነት ማነስ የለበትም። 115 ሚሊ ዲስክ በደቂቃ ወደ 13,300 ዙር ይችላል፤ 230 ሚሊው ግን 6,650 ብቻ ነው። ትንሹ ግራይንደር ደግሞ አብዛኛው 11,000 ይዞራል። መከላከያውን ፈትቶ ትልቁን ዲስክ ትንሹ ማሽን ላይ የሚያስር ልጅ በየሰፈሩ አለ። ስታዩት ከፊቱ ብቻ ሳይሆን ከጎኑም ዞር በሉ።

አንድ ብዙ ሰው የማያየው ነገርም አለ። ደህና ዲስክ መሐሉ ላይ ባለው የብረት ቀለበት ላይ ወርና ዓመት ተቀርጾበታል፤ የመጠቀሚያው ማብቂያ ነው። የሚያያይዘው ሙጫ በጊዜና በእርጥበት ይደክማል፣ ለዚህም ነው ዕድሜው ከተሠራበት ሦስት ዓመት ተብሎ የሚገደበው። ሱቁ ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ «በቅናሽ» የሚሸጥ ክምር ካያችሁ ቀለበቱን አንብቡ።

ፑንታ ሲገዛ ቀለሙ ለውጥ ያመጣል?

ወርቅማ ቀለም የተቀባ ፑንታ (የትራፓኖ መብሻ ብረት) ሁሉ የተሻለ አይደለም፤ ቀለም ነው። አንዱን ግዙና የኋላ ጫፉን ግራይንደር ላይ ነካ አድርጉት። ጥሩው ብረት ጥቂት፣ ደብዘዝ ያለ ቀይ ብርቱካናማ ብልጭታ ይሰጣል። ነጭ ሆኖ እንደ ርችት የሚፈነዳ ብልጭታ ከወጣ ተራ የካርቦን ብረት ነው፤ ላሜራ ይበሳል፣ ትንሽ ሲሞቅ ግን ይለሰልሳል። ለጣውላ ከሆነ እሱም አይጠላም።

ሞርሳ?

ወረቀቱን ሁለት ቀጫጭን ቁራጭ አድርጉና በመንጋጋው ግራና ቀኝ ጫፍ አስቀምጣችሁ ዝጉ። ሁለቱም ሲሳቡ መያዝ አለባቸው። አንዱ ከወጣ መንጋጋው ጠማማ ነው።

ክሪክ?

ጭነት ስጡት፣ ከጎኑ በቾክ ምልክት አድርጉ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ከወረደ ወይም ዘንጉ ላይ ዘይት ካለ አይገዛም። የወረደም ያልወረደም፣ ውድም ርካሽም፣ መኪና በክሪክ ብቻ ተይዞ ማንም ሥሩ አይገባም። የብረት መቆሚያ ካልገዛችሁ ክሪኩንም አትግዙ። በዚህ ጉዳይ ቀልድ የለኝም።

ትንሿ ዲጂታል ሚዛን ትታመናለች?

የሚጠይቁኝ ሙጫና ማጠንከሪያ የሚቀላቅሉ ቀለም ቀቢዎች ናቸው፤ በርበሬና ቅመም የሚያሽጉ እናቶችም ይመጣሉ። አንድ ዕቃ አሥር ጊዜ አስቀምጡ፣ አንሱ፤ ቁጥሩ ካልተመሳሰለ ሌላው ፈተና ትርፍ ነው። ከዚያ አንዱን ዕቃ መሐል፣ ከዚያም በአራቱ ጥግ አስቀምጡ። ለአምስት ደቂቃ ተዉትና ቁጥሩ እየተሳበ እንደሆነ እዩ። በሩን ዝጉ፤ ከከተማው ዳር ያሉትን ትልልቅ ተርባይኖች የሚያዞር ንፋስ 0.01 ግራም የምታነብ ሚዛን ላይ ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም።

ሌላው ብዙ ሰው የማያምነኝ ነገር፦ ሚዛኗ የምትለካው ጉልበትን ነው፤ የምድር ስበት ደግሞ በየቦታው ትንሽ ይለያያል። አዳማ ለምድር ወገብ የቀረበች፣ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ደቡብ ቻይና ላይ የተስተካከለች ሚዛን እዚህ በ1 ኪሎ ላይ 1 ግራም ያህል፣ አውሮፓ መሐል የተስተካከለች ደግሞ ወደ 3 ግራም ታጎድላለች። ለበርበሬ ምንም አይደለም። ለሌላው፣ ካሊብሬሽን ቁልፍ ያላትን ግዙና ከሷ ጋር የሚመጣውን ክብደት ወርቅ ቤት ወስዳችሁ አስመዝኑ። እዚህ ከተማ በታመነ ክብደት እንደገና ካስተካከላችኋት ጉዳዩ ያልቃል።

አዲስ ርካሽ ወይስ ያገለገለ ጥሩ?

ቁልፍ፣ ሞርሳ፣ መዶሻ ያገለገለ ግዙ፤ ብረት ብዙ አያረጅም፣ የተበላ ጥርስ ደግሞ በዓይን ይታያል። የሚለካ ነገር ያገለገለ አትግዙ፣ መቼ ከጠረጴዛ እንደወደቀ አታውቁምና። ያገለገለ የግራይንደር ዲስክማ ጭራሽ።

ቤት ስደርስ ጉድለት ባገኝ መመለስ እችላለሁ?

ሕጉ ከናንተ ጋር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሥራው ላይ የሚወስነው ግን ደረሰኝ ነው። «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ» ያላችሁ ሰው የቀነሰው መመለሻችሁን ነው። ቀን ሳታሳልፉ፣ ማሸጊያውን ሳትጥሉ፣ ኩሽኔታውን ይዛችሁ ተመለሱ። ሻጩ ፊት ሥሩንና ጫፉን ለክታችሁ ካሳያችሁት ክርክሩ አጭር ይሆናል። እኔ ያንን ካሊፐር ለመመለስ ስሄድ ደረሰኝ አልነበረኝም፤ «አንተ ጥለኸው ይሆናል» አለኝ። ምን እላለሁ?

አንተ ጋ አምጥቼ ልታይልኝ ትችላለህ?

ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ኑ። ካሊፐር ከሆነ ባትሪውን ቀይራችሁ፣ ቶርክ ቁልፍ ከሆነ ጀሪካን ይዛችሁ። ክፍያ የለውም። አሁን የራሴ ማይክሮሜትር አለኝ፤ እሱን ግን አላውስም።